የሔኖክ ድንጋዮችና አምባ ግሸን
ስለ ፒራሚዶች የሚነገረው «ምሥጢር» እንዴት ይመዘናል?



ባለፈው የዐቢይ ጾም ወራት በሐይቅ አካባቢ ከሚገኙ ወጣቶቻችን ጋር የቅዱሳት መጻሕፍት ጥናት እናካሂድ ነበር። አንድ ቀን ትምህርቱ ካበቃ በኋላ አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ እጁን አንሥቶ ያላሰብነውን ጥያቄ አቀረበልን። «አባ፣ የግብፅን ፒራሚዶች የሠሯቸው ሰዎች አይደሉም ይባላል። የሠሯቸው በመጽሐፈ ሔኖክ የተጻፉት ረዐይት፣ የወደቁት መላእክት ልጆች ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ይህን እያወቀች ለምን ትደብቅብናለች?» አለ። በእጅ ስልኩ የያዘውንም ፊልም አሳየን። ከጎኑ የነበረው ወንድማችን ከሌላ ኮከብ የመጡ ፍጡራን ናቸው ሲል ተከራከረው፤ አንዲት እኅታችን ደግሞ የፒራሚድ ቅርጽ ራሱ የሚፈውስ ኃይል አለው ሲባል መስማቷን ነገረችን።

ስቆ ማለፍ ቀላል ነበር። ይሁን እንጂ «ትደብቅብናለች» የሚለው ቃል አሳሰበን። ጠጋ ብለን ስንጠይቀው፣ ይህ ወጣት ነገሩን የያዘው ለእምነቱ መከታ አድርጎ እንደ ሆነ ተረዳን። የሔኖክ ረዐይት ፒራሚድ መሥራታቸው ከተረጋገጠ መጽሐፍ ቅዱስም እውነት መሆኑ ተረጋገጠ ብሎ ያምናል። እንግዲህ ነገ አንድ መምህር ወይም አንድ መጽሐፍ የረዐይቱን ነገር ሐሰት መሆኑን ቢያሳየው ወንጌሉንም አብሮ ሊጥል ነው። ስለዚህ ጥያቄውን እንደ ዋዛ ሳንቆጥር በዚህ ጥናት ልንመልስለት ወደድን። ነገሩም ከሐይቅና ከአምባሰል ርቆ በግብፅ ብቻ የሚቀር እንዳይመስላችሁ፤ እንደምናየው ከደጃችን ድረስ ይመጣል። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ፒራሚዶቹ የሚታወቀው

ታላቁ ፒራሚድ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2560 ዓመት ገደማ ለፈርዖን ኩፉ መቃብር እንዲሆን በጊዛ የታነጸ ነው። የአንዱ ጎን ርዝመት 230 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ቁመቱ ተሠርቶ ሲያልቅ 146 ሜትር ያህል ነበር። የተደረደሩት ድንጋዮች 2.3 ሚሊዮን ገደማ እንደሚሆኑ ይገመታል። ይህን ቁጥር የሰማ ሰው ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ነገር ግን ሕንፃው በአንድ ሌሊት ከሰማይ ዱብ ያለ አይደለም። ከእርሱ አስቀድሞ ለንጉሥ ጆሴር በሳቃራ የተሠራ ባለ ደረጃ ፒራሚድ አለ። የኩፉ አባት ስነፍሩ በዳህሹር ያሠራው ደግሞ ከታች ቀጥ ብሎ ተነሥቶ ከመካከሉ በላይ ዘንበል ያለ በመሆኑ የጎበጠ ይመስላል፤ ሠሪዎቹ ሥራውን ከጀመሩ በኋላ ሐሳባቸውን መለወጣቸው እስከ ዛሬ በዓይን ይታያል። ፍጹም ዕውቀት ይዞ የመጣ ፍጡር እንዲህ እየተሳሳተ አይማርም። ሰው ግን እንዲህ ነው የሚማረው።

ከ1990 ጀምሮ በጊዛ የሠራተኞቹ መቃብሮች ተገኝተዋል። በአቅራቢያውም እንጀራቸውን የጋገሩበት፣ ጠላቸውን የጠመቁበትና ያደሩበት መንደር ተቆፍሮ ወጥቷል። ከአጽማቸው መካከል ተሰብሮ የተጠገነ የእጅና የእግር አጥንት ይገኝበታል። በ2013 ደግሞ ፈረንሳዊው የታሪክ ተመራማሪ ፒየር ታሌና ባልደረቦቹ በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ዋዲ አል ጃርፍ በተባለ ስፍራ፣ የፓፒሩስ ጽሑፎች አገኙ። ከእነዚህ አንዱ በኩፉ ዘመን የነበረ፣ ሜረር የተባለ የአንድ የሠራተኛ ቡድን አለቃ ያስጻፈው የዕለት መዝገብ ነው። ከቱራ የኖራ ድንጋይ በጀልባ ጭነው በዓባይ ወንዝ ወደ ጊዛ እንዴት እንዳመላለሱ፣ የት እንዳደሩ ይነግረናል። ከአራት ሺሕ አምስት መቶ ዓመት በኋላ የአንድ አለቃ ማስታወሻ እጃችን ላይ ገባ ማለት ነው። በበኩላችን ይህ ከማንኛውም የኮከብ ወሬ ይልቅ አስገርሞናል።

ተረቱ ግን ከማስረጃው ይልቅ ዕድሜ አለው። በመካከለኛው ዘመን ብዙ ክርስቲያኖች ፒራሚዶቹን ዮሴፍ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት እህል ያከማቸባቸው ጎተራዎች ናቸው ይሉ ነበር፤ በቬኒስ በቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል ጣሪያ ላይ እንደዚያው ተሥለው ይታያሉ። ውስጣቸው ድፍን ድንጋይ ሆኖ ሳለ ጎተራ ሊሆኑ እንደማይችሉ ለመረዳት አንድ ጊዜ ገብቶ ማየት ይበቃ ነበር። የዐረብ ጸሐፊዎች በበኩላቸው ከጥፋት ውኃ በፊት ሄርሜስ የተባለው ጠቢብ፣ እነርሱ ኢድሪስ እኛ ሔኖክ የምንለው፣ ዕውቀት በውኃው እንዳይጠፋ ብሎ ፒራሚዶቹን እንዳሠራ ጽፈዋል። ተማሪያችን ያመጣው የሔኖክ ወሬ እንግዲህ የትናንት የፊልም ፈጠራ ብቻ አይደለም፤ ዘመናት ያለፉበት ልማድ ነው።

በ1864 ቻርልስ ፒያዚ ስሚዝ የተባለ የስኮትላንድ የከዋክብት ተመራማሪ፣ ታላቁ ፒራሚድ በእግዚአብሔር መንፈስ የተሠራ መለኪያ ነው፣ ርዝመቱም የመጪውን ዘመን ትንቢት ይዟል የሚል መጽሐፍ አሳተመ። ሊቅ ሰው ነበር፤ እምነቱም የልብ ነበር። ይህን ትምህርት ወዶ የነበረው ወጣቱ ፍሊንደርስ ፒትሪ በ1880 ወደ ግብፅ ወርዶ ፒራሚዱን በጥንቃቄ ለካው። ልኩ ግን ከስሚዝ ሐሳብ ጋር አልገጠመም። ፒትሪ ራሱ እንደ ጻፈው፣ ከስሚዝ ተከታዮች አንዱ በውስጠኛው ክፍል የሚገኘውን የግራናይት ድንጋይ ጉብታ ለሐሳቡ እንዲስማማ በሞረድ ሲፍቀው ተይዟል። አንባቢ ሆይ፣ ይህችን ነገር ልብ በል። ከዚያ ወዲህ በ1968 ኤሪክ ፎን ዴኒከን ከሌላ ዓለም የመጡ ጎብኚዎችን አመጣልን፤ ሌሎችም ተከተሉት። ስለ እነርሱ ብዙ መጻፍ አያስፈልግም።

የእኅታችንን ጥያቄ ግን በአጭሩ እንመልስ። በ1992 የወጣው የካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ስውር ኃይልን ለማዘዝ መሞከርንና ክታብ መያዝን ይከለክላል። ቅርጹ ባለ ሦስት ማዕዘን ቢሆን፣ ስሙም ፒራሚድ ቢባል፣ ክታብ ክታብ ነው።

መጽሐፈ ሔኖክ ምን ይላል?

መጽሐፈ ሔኖክን የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት ትቆጥረዋለች፤ በእኛ በካቶሊካውያን ዘንድ ከቅዱሳት መጻሕፍት ቁጥር ባይገባም፣ ሐዋርያው ይሁዳ በመልእክቱ ስለ ጠቀሰው በአክብሮት እናየዋለን። ሙሉው መጽሐፍ ተጠብቆ የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው። ጄምስ ብሩስ ከሀገራችን ሦስት ቅጂዎች ይዞ በ1773 ወደ አውሮፓ ተመለሰ፤ ሪቻርድ ሎረንስም በ1821 ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ አሳተመው። በኋላም በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻ የአራማይክ ቁርጥራጮቹ ተገኙ።

ተማሪያችንን መጽሐፉን ከፍተህ አንብበኸዋልን ስንል ጠየቅነው፤ አላነበበውም። በጉባኤው አብረን ከፈትነው። ትጉሃን የተባሉት መላእክት ለሰው ልጆች ያስተማሩት ተዘርዝሯል፤ ሰይፍና ጋሻ መሥራት፣ ዓይንን መኳል፣ አስማትና ሥር መማስ፣ ከዋክብትን መቁጠር ናቸው። ስለ ፒራሚድ ግን አንድ ቃል የለም። ረዐይቱም ሲሠሩ አይታዩም፤ የሰውን ልፋት ሁሉ በልተው ጨረሱ፣ ሰው ሊመግባቸው ባልቻለ ጊዜም ሰውን ሊበሉ ተነሡበት ነው የሚለው። መጽሐፉ የሚያውቃቸው ረዐይት የሌላውን ድካም የሚበሉ ናቸው። እነዚህን የሕንፃ መሐንዲሶች ያደረጋቸው ሌላ ሰው ነው።

በግሸን አምባ ላይ የተፈጠረው ቤተ መጻሕፍት

አሁን ወደ አምባሰል እንምጣ። ከላይ የተናገርነው ዓይነት ተረት አንድ ጊዜ በራሳችን ተራራ ላይ ተሠርቷል፤ የሠራውም የራሳችን ቤተ ክርስቲያን ገዳማዊ ስለ ሆነ ይህን ሳንሸፋፍን ልንናገር ይገባናል።

አምባ ግሸን ዙሪያው ገደል፣ አናቱ በመስቀል ቅርጽ የተዘረጋ አምባ መሆኑን የአካባቢያችን ሰው ሁሉ ያውቃል። የጌታችን ግማደ መስቀል በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን እንዳረፈበት በኦርቶዶክሳውያን ወንድሞቻችን ዘንድ ይታመናል፤ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን እጅግ ብዙ ሕዝብ ይወጣል። የዚህ ጥናት ዓላማ ያንን እምነት መመርመር አይደለም። አምባው በሌላ ታሪክም የታወቀ ነው። ለዘመናት የንጉሥ ወንዶች ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ ተዘግተው የሚኖሩበት ስፍራ ነበር፤ የኢማም አሕመድ ሠራዊት በ1540 እስኪይዘው ድረስ እንደዚያ ቆየ። ከ1520 እስከ 1526 በሀገራችን የነበረው ፖርቱጋላዊው ካህን ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለ ተራራውና በብርቱ ስለሚጠበቁት መሳፍንት ጽፏል።

የተዘጋ ተራራ፣ የማይታዩ ልዑላን፣ ማንም የማይገባበት በር፤ ለተረት ከዚህ የተመቸ ምን አለ? በ1610 ሉዊስ ደ ኡሬታ የተባለ የዶሚኒካውያን መነኩሴ በስፔን በቫሌንሲያ ከተማ ስለ ኢትዮጵያ አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። ኢትዮጵያን አላያትም። የነገረው ኢትዮጵያዊ ነኝ የሚል ዮሐንስ ባልታዛር የተባለ ሰው ነው። በመጽሐፉ ግሸን «የአማራ ተራራ» ተብሎ የምድር ገነት ሆነ፤ ቤተ መንግሥቶችና አብያተ ክርስቲያናት፣ ስፍር ቁጥር የሌለው ሀብት ተነገረለት። ከሁሉ በላይ ግን በዓለም አቻ የሌለው ቤተ መጻሕፍት አለበት ተባለ። በዚያም ሔኖክ በድንጋይ ላይ ከቀረጸው የተገለበጡ፣ ስለ ሰማያትና ስለ ፍጥረት ጠባይ የሚናገሩ ጽሑፎች ነበሩ፤ የኖኅ፣ የአብርሃም፣ የሰሎሞንና የኢዮብም መጻሕፍት ነበሩ።

ልብ በሉ፤ የሔኖክ ድንጋዮች! ከጥፋት ውኃ በፊት ዕውቀት በድንጋይ ተጽፎ ተሰወረ የሚለው ያው ወሬ ነው። በጊዛ ፒራሚድ ሆነ፤ በአምባሰል ደግሞ ቤተ መጻሕፍት። ዛሬ ተማሪያችን በስልኩ የሚያየው ታሪክ ከአራት መቶ ዓመት በፊት ግሸን ላይ ወጥቶ ነበር።

እንግሊዛዊው ሳሙኤል ፐርቻስ ይህን ከኡሬታ ወስዶ በ1613 በራሱ መጽሐፍ አስፋፋው። ባለ ቅኔው ሚልተን በ1667 ባወጣው ስለ ጠፋችው ገነት በሚናገረው ድርሰቱ የአማራን ተራራ ከምድር ወገብ በታች አድርጎ ጠቀሰው፤ ግሸን ግን ከምድር ወገብ ከ11 ዲግሪ በላይ በስተ ሰሜን ናት። በ1759 ሳሙኤል ጆንሰን በአማራ ግዛት በተዘጋ ሸለቆ ውስጥ ስለሚኖር የሐበሻ ልዑል ራሴላስ የተባለውን ልብ ወለድ ጻፈ። ይህን መጽሐፍ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ ስለ መለሰው ከአንባብያን ብዙዎች ያውቁት ይሆናል። ልዑሉ ከሸለቆው አምልጦ ግብፅ ሲደርስ ፒራሚዱን ሊያይ ይሄዳል። ጆንሰን በጠቢቡ በእምላክ አፍ ስለ ፒራሚዱ የሚናገረው የረዐይትም የምሥጢርም ነገር አይደለም፤ ሁሉ የሞላለት ንጉሥ መሰልቸቱን ለማስታገስ የሌሎችን ጉልበት እንደ ፈጀበት ነው። በተረት ላይ የተመሠረተ ድርሰት ስለ ፒራሚድ ከብዙ «ምርምር» የተሻለ አስተውሏል።

ጠይቆ የጻፈው ካህን

ኡሬታን የተቃወመው ደግሞ ሌላ የቤተ ክርስቲያናችን ካህን ነው። ስፔናዊው ኢየሱሳዊ አባ ጴጥሮስ ፓኤዝ በ1603 ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ እስኪያርፍ ድረስ እስከ 1622 ኖረ። ግእዝና አማርኛ ተማረ። የኡሬታ መጽሐፍ እጁ ሲገባ፣ እየጠቀሰ ሐሰቱን ለማረም ሰፊ የኢትዮጵያ ታሪክ በፖርቱጋልኛ ጻፈ። ስለ ግሸን ያደረገው ነገር ቀላል ነው፤ የሚያውቁትን ሰዎች ጠየቀ። ቤተ መንግሥቶቹ የሉም፤ ያሉት ሣር የለበሱ ትንንሽ ቤቶች ናቸው። ያ ሁሉ ቤተ መጻሕፍትም የለም። እዚያ ይኖሩ የነበሩት ልዑላን በገነት የተቀመጡ አልነበሩም፤ የታሰሩ ሰዎች ነበሩ።

ይህ ነገር ልብ ይነካል። ተረቱ ያሳመረው ቦታ የብዙ ወጣቶች ዕድሜ የተቀበረበት እስር ቤት ነበርና። ገነት ብሎ የጠራው ሰው የእነርሱን እንባ አላየውም። የፒራሚዱንም ነገር እንደዚሁ እናየዋለን፤ ረዐይት ሠሩት በተባለ ቁጥር እጁ የተሰበረው ሠራተኛ ከታሪክ ይወጣል።

አባ ፓኤዝን ስናመሰግን የኢየሱሳውያኑ ዘመን በሀገራችን ላይ ያመጣውን ደም መፋሰስ አንዘነጋም፤ ዐፄ ሱስንዮስ በ1632 ለልጃቸው ዙፋናቸውን እስኪለቁ ድረስ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። የሚያሳዝነው ሌላው ነገር ይህ ነው፤ የኡሬታ ተረት ወዲያው ታትሞ በአውሮፓ ሲዞር፣ የፓኤዝ መጽሐፍ ግን እስከ 1905 ድረስ ሳይታተም በመዝገብ ቤት ተቀመጠ። ሦስት መቶ ዓመት! እውነት ጫማዋን ስታጠልቅ ሐሰት አገር ዞራ ተመለሰች ቢባል አይበዛም።

ኡሬታ በሐሳቡ የፈጠረውን መጽሐፍ ቤት ሲያስውብ እውነተኛው በአቅራቢያው ነበር። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ1248 ወደ ሐይቅ መጥተው የእስጢፋኖስን ገዳም የትምህርት ማዕከል አደረጉት፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከደቀ መዛሙርታቸው ነበሩ። በ1280 ወይም 81 የተጻፈው የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል ዘመናቸው ከታወቀ የሀገራችን ጥንታዊ ብራናዎች አንዱ ነው። መጽሐፈ ሔኖክንም ለዓለም ያቆየው በድንጋይ የተሰወረ ምሥጢር ሳይሆን፣ ቆዳ ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣ ወገባቸው እስኪጎብጥ የጻፉ የሀገራችን ጸሐፍት ናቸው።

በ1992 ግራሃም ሃንኮክ የተባለ እንግሊዛዊ ስለ ታቦተ ጽዮን ባወጣው መጽሐፍ፣ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ሲሠሩ ቴምፕላር የተባሉ የአውሮፓ ባላባቶች እጅ ሳይኖርበት እንዳልቀረ ጻፈ። ከሦስት ዓመት በኋላም ያው ጸሐፊ የፒራሚዶችን ዕውቀት ለጠፋ ጥንታዊ ሥልጣኔ ሰጠ። የላሊበላ ትውፊት መላእክት ረዱ ይላል፤ ነገር ግን ቀን የሚወቅሩትን ሰዎች አላባረረም፣ መላእክቱ የመጡት ሌሊት ነው። የሃንኮክ ትረካ ግን ቀን የሚሠራውንም ሊነጥቀን ነው የመጣው።

በጉባኤው የሆነው

ጥፋታችንን ሳንናገር ብናልፍ ግብዝነት ይሆናል። እኛም በክህነታችን የመጀመሪያ ዓመታት፣ የእስራኤል ልጆች በግብፅ ፒራሚድ ሲሠሩ እንደ ነበር ሰብከናል። ኦሪት ዘፀአት የሚለው በጭቃና በጡብ ፊቶምና ራምሴ የተባሉትን ከተሞች እንደ ሠሩ ነው፤ ፒራሚዶቹ ግን የድንጋይ ናቸው፣ ከዚያም ዘመን ከሺሕ ዓመት በላይ ይቀድማሉ። ያረመን ሊቅ አልነበረም። አንድ የታሪክ መምህር የሆኑ ምእመን ከቅዳሴ በኋላ ለብቻ ጠርተው በትሕትና ነገሩን፤ ፊታችን ቀላ። ስለዚህ ተማሪውን በቁጣ ልንመልሰው አልቻልንም።

ጉባኤው ሲካሄድ የግቢያችንን ግንብ የሠሩልን የአምባሰል ተወላጅ የሆኑ ሙስሊም ሽማግሌ ሒሳባቸውን ለመቀበል መጥተው በሩ አጠገብ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ድንጋይ ሲጠርቡ የኖሩ ሰው ናቸው። «አባ፣ ልግባ?» ብለው ገቡ። «በእኛም ዘንድ ነቢዩ ኢድሪስ ናቸው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ልጠይቅ፤ ስንት ዓመት ፈጀባቸው?»

የግሪኩ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ሃያ ዓመት ማለቱን ነገርናቸው።

«ብረት ነበራቸው?»

የነበራቸው የመዳብ መሮና ጠንካራ የድንጋይ መዶሻ እንደ ሆነ ገለጽን። ሽማግሌው ዝም ብለው አሰቡ። ተማሪያችን እስከዚያ ስልኩን አውጥቶ ሲያሰላ ቆይቶ፣ በቀን ሦስት መቶ ዐሥራ አምስት ድንጋይ ይደርሳል አለ።

«ብዙ ነው» አሉ ሽማግሌው። «ሰው ካለና የሚያበላው ካለ ግን ይሠራል። መዳብ ቶሎ ይደንዛል፤ መሮ የሚሞርድ ብቻውን ብዙ ሰው ይፈልጋል።» ከዚያም ወደ ተማሪው ዞር ብለው «አንተ ልጅ፣ ክረምት ሳይገባ ድንጋይ ስታቀብለኝ አልነበረም? ያንን ግንብ የልጅ ልጆችህ ጂን ሠራው ቢሉ ደስ ይልሃል?» አሉት።

ተማሪው ሳቀ፤ ሁላችንም ሳቅን። ሒሳባቸውን ተቀብለው ሄዱ።

ተማሪው በዚህ ተሸንፎ ጥያቄውን ሁሉ ጣለ ብንል እውነት አይሆንም። የድንጋዮቹን ክብደት ገና ይጠራጠራል፤ ይጠራጠር ዘንድም ነፃ ነው። ነገር ግን መጽሐፈ ሔኖክን ከስድስተኛው ምዕራፍ ጀምሮ ራሱ ሊያነብና በሚቀጥለው ጉባኤ ሊያስረዳን ተስማምቷል። አክስቱ በየዓመቱ ለመስከረም 21 ግሸን ይወጣሉ። በመጪው መስከረም አብሯቸው ወጥቶ የአምባውን አናት ዙሪያ በእግሩ እየቆጠረ ለክቶ፣ በላዩም ምን እንዳለ ጠይቆ ጽፎ ሊያመጣልን ቃል ገብቷል።